እናቴ ሳይፈልጉ የተመዘገቡበት አገልግሎት፦ ጥፋቱ የእርሳቸው ነው ወይስ የገጹ?

ማለዳ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለጥያቄዬ መነሻ የሆነው በቅርቡ በእናቴ ላይ የደረሰ ነገር ነው። እናቴ 65 ዓመታቸው ነው፤ ማንበብና መጻፍ በሚገባ ይችላሉ፣ ስልካቸውንም ያለ ሰው እርዳታ ይጠቀማሉ። ፎቶግራፍ ለማሳመር የሚያገለግል አንድ መተግበሪያ ጭነው ሲከፍቱት አራት ገጾች በተከታታይ መጡላቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ስለ መተግበሪያው ጥቅም የሚናገሩ ሥዕሎች ነበሩ፤ በእያንዳንዳቸው ግርጌ «ቀጥል» የሚል ሰፊ አረንጓዴ ቁልፍ አለ። በአራተኛው ገጽ ላይም በዚያው ቦታ፣ በዚያው ስፋትና በዚያው አረንጓዴ ቀለም ሌላ ቁልፍ አለ፤ በላዩ ላይ የተጻፈው ግን «ነጻ ሙከራውን ጀምር» ይላል። ከቁልፉ በታች፣ ከነጩ መደብ በጥቂቱ ብቻ በሚለይ ግራጫ ቀለም፣ ሙከራው ከ3 ቀን በኋላ በየሳምንቱ ወደሚከፈልበት ምዝገባ እንደሚለወጥ የሚናገር አንድ ቀጭን መስመር ተጽፏል። ገጹን የምትዘጋው የኤክስ ምልክት ያለችው በላይኛው ማዕዘን ላይ ነው፤ እርሷም ብቅ የምትለው ገጹ ከተከፈተ ጥቂት ሰከንዶች ካለፉ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ ያስተዋልኩት እኔ ራሴ መተግበሪያውን በስልኬ ላይ ጭኜ ገጾቹን አንድ በአንድ እያቆምኩ ካየሁ በኋላ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ግራጫዋን መስመር ያገኘኋት በሁለተኛው ሙከራዬ ነበር።

እናቴ ሦስቱን «ቀጥል» እንደተጫኑ አራተኛውንም ተጫኑ። ስልኩ የጣት አሻራ ሲጠይቃቸው እንደ ወትሮው የሚከፈትላቸው መስሏቸው ጣታቸውን አኖሩ። መተግበሪያውን ስላልወደዱት በማግስቱ ከስልካቸው ላይ አጠፉት፤ እርሱ ሲጠፋ ሁሉም ነገር አብሮት የጠፋ መስሏቸውም ረሱት። ምዝገባው ግን አልጠፋም ነበር። ለ7 ሳምንታት ከካርዳቸው ላይ ሲቆረጥ ቆይቶ ሰሞኑን በአጋጣሚ ደረስንበት።

ወንድሜ ይህን ሲሰማ «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ብሎ ተረተባቸው። እናቴም አልተከራከሩትም፤ «እውነቱን ነው፣ አላነበብኩም» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በስልካቸው ላይ አዲስ ገጽ በመጣ ቁጥር ሳይነኩት ለአንዳችን ይዘው ይመጣሉ። ገንዘቡ ይመለስ ይሆናል፤ ይህ እንዴት እንደሚመለስ ግን አላውቅም።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። እንዲህ ያለው ገጽ ታስቦበት የሚሠራ ነው ወይስ እኛ ካላነበብን በኋላ የምንፈጥረው ሰበብ ነው? ታስቦበት የሚሠራ ከሆነስ፣ የትኛውም ሻጭ ዕቃውን ማሞገሱና ገዢን ማግባባቱ የተለመደ ሆኖ ሳለ፣ ማግባባት አብቅቶ ማታለል የሚጀምረው የት ላይ ነው?


እርሳስና ላጲስ፦

ማለዳ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እናትዎን ከጥፋተኝነት ላውጣቸው። እኔ መተግበሪያዎችንና ድረ ገጾችን ዲዛይን በማድረግ ሥራ ላይ 11 ዓመት ቆይቻለሁ፤ እርስዎ የገለጹት አራት ገጽ በአጋጣሚ እንዲያ ሆኖ የተሰለፈ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ገጾች ለተጠቃሚው የሚነግሩት ቁም ነገር የላቸውም፤ ሥራቸው እጅን ማለማመድ ነው። አንድ ሰው በአንድ ቦታ ላይ ያለ አንድ ዓይነት ቁልፍን ሦስት ጊዜ ተጭኖ ሦስቱንም ጊዜ ምንም ካልደረሰበት፣ በአራተኛው ጊዜ ጣቱ ከዓይኑ ቀድሞ ይደርሳል። ይህ ደግሞ የስንፍና ወይም የዕድሜ ምልክት አይደለም፤ የለመድነውን ሁሉ በየጊዜው እንደ አዲስ እየመረመርን መኖር ስለማንችል ሁላችንም የምናደርገው ነው። ጥሩ ዲዛይነር ይህን ጠባይ የተጠቃሚውን ድካም ለመቀነስ ያውለዋል፤ የማይመለስ ነገር ወይም ክፍያ ሲመጣ ደግሞ የቁልፉን ቦታና ቀለም ለውጦ ሰውየው ቆም ብሎ እንዲያይ ያደርገዋል። እናትዎ በገጠማቸው ገጽ ላይ ግን ቆም ማለት በሚያስፈልግበት በዚያው ቦታ ላይ ቆም እንዳይሉ ተደርጓል። የኤክስ ምልክቷ ዘግይታ መውጣቷም የዚሁ ሥራ አካል ነው፤ በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ከገጹ የሚያወጣው ብቸኛ በር አረንጓዴው ቁልፍ ነውና።

ስምም አለው። በተጠቃሚ ልምድ ዲዛይን ሙያ የሚታወቀው ሃሪ ብሪግኑል እ.ኤ.አ. በ2010 «ዳርክ ፓተርን» («ጨለማ ንድፍ» እንደ ማለት ነው) ብሎ ሰይሞት ምሳሌዎቹን በአንድ ድረ ገጽ ላይ ማሰባሰብ ጀመረ፤ በኋላም ራሱ «አሳሳች ንድፍ» ወደሚል ስያሜ አዙሮታል። በአማርኛም ይህ ሁለተኛው ይሻለናል ባይ ነኝ፤ ድርጊቱን በስሙ ይጠራዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተመራ አንድ ቡድን 11,000 ያህል የመገበያያ ድረ ገጾችን በኮምፒውተር ፕሮግራም አስሶ 1,818 እንዲህ ያሉ ዘዴዎችን ቆጥሯል። ከቁጥሩ ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ግኝታቸው ነበር፤ ዘዴዎቹን አዘጋጅተው ለድረ ገጽ ባለቤቶች የሚያቀርቡ 22 አቅራቢዎችን አገኙ። «ይህን ዕቃ አሁን ይህን ያህል ሰው እያየው ነው» የሚለው ቁጥር በአንዳንዶቹ ገጾች ላይ ማንንም ሳይቆጥር፣ ኮዱ ራሱ በዘፈቀደ የሚያወጣው ቁጥር ሆኖ ተገኝቷል። የቅናሹ ጊዜ ሊያበቃ ነው እያለ ወደ ኋላ የሚቆጥረው ሰዓትም ገጹ እንደገና ሲከፈት ከመጀመሪያው የሚጀምርባቸው ቦታዎች ነበሩ። እንግዲህ ገበያ ላይ የሚሸጥ ነገር ከሆነ፣ ያልታሰበበት ነው ማለት አይቻልም።

ነገር ግን «ታስቦበት» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ልያዘው፤ ከውስጥ ያየሁት ከሚገመተው ለየት ይላልና። ከዚህ በፊት በሠራሁበት አንድ ድርጅት ውስጥ አንድን ገጽ በሁለት መልክ ሠርተን ለግማሹ ተጠቃሚ አንዱን፣ ለቀረው ሌላውን አሳየን። በአንደኛው ገጽ ላይ «እሺ» እና «አይ» የሚሉት ቁልፎች እኩል ነበሩ፤ በሁለተኛው ላይ «አይ» የሚለው ቁልፍነቱ ቀርቶ ግራጫ ጽሑፍ ብቻ ሆነ። ሁለተኛው ብዙ ሰው አስመዘገበ፤ እርሱም ጸና። በዚያ ክፍል ውስጥ «ሰዎችን እናታልል» ያለ ማንም አልነበረም። ሁላችንም የምንመለከተው አንድ ቁጥር ነበር፤ ያ ቁጥር ወዶ የተመዘገበውንና ሳያውቅ የተመዘገበውን አይለይም። ከወራት በኋላ ምዝገባ ማቋረጫውን ከዋናው የቅንብር ገጽ አውጥቼ ሁለት ደረጃ ወደ ውስጥ እንዳስገባው ታዘዝኩ፤ አስገባሁትም። ከዚያ በኋላ ሰዎች ገጹን ሲጠቀሙ አጠገባቸው ተቀምጠን በምናይበት ክፍለ ጊዜ ላይ አንዲት ሴት ምዝገባዋን እንድታቋርጥ ተጠየቀች። ቅንብሩን ከፈተች፣ ዘጋች፣ የእርዳታ ገጹን ከፈተች፣ ተመልሳ ወደ መጀመሪያው ገጽ መጣች፤ በመጨረሻ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ወደ እኔ ዞረችና «ይቅርታ፣ እኔ እነዚህን ነገሮች አልችልባቸውም» አለችኝ። ቁልፉን የደበቅሁት እኔ ሆኜ ሳለሁ ይቅርታ የጠየቀችው እርሷ ናት። የእናትዎን «አላነበብኩም» ሳነብ ያች ሴት ናት ትዝ ያለችኝ።

ከዘዴዎቹ ሁሉ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች በቀላሉ የሚገባን ይሉኝታን የሚጠቀመው ነው። እምቢ ማለት የሚፈልግ ሰው ሊጫነው የሚገባው ጽሑፍ «አይ፣ አመሰግናለሁ» መሆኑ ቀርቶ «አይ፣ ስለ ጤንነቴ ግድ የለኝም» ወይም «አይ፣ ገንዘብ መቆጠብ አልፈልግም» ይሆናል። ማንም በማያየው ስክሪን ላይ እንኳ ሰው ስለ ራሱ እንዲህ ብሎ መመስከር ይከብደዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት ለተሳታፊዎች አንድ አገልግሎት በሦስት ዓይነት ገጽ ቀርቦ ነበር። ገጹ ግልጽ ሲሆን የተቀበሉት 11.3 በመቶ ነበሩ፤ ለስላሳ የማሳሳቻ ዘዴ ሲጨመርበት 25.8 በመቶ፣ ጠንካራው ሲጨመርበት ደግሞ 41.9 በመቶ ሆኑ። ጠንካራው ዘዴ ሰዎችን አስቆጥቷል፤ ለስላሳው ግን ቁጣ ሳያስነሳ የተቀባዩን ቁጥር ከእጥፍ በላይ አድርጎታል። ስለዚህ እኔ የምፈራው ዓይን ያወጣውን ገጽ አይደለም፤ እርሱ ራሱን ያጋልጣል። የምፈራው እናትዎ እንዳገኙት ያለውን፣ ተጠቃሚው ራሱን እንጂ ገጹን የማይወቅስበትን ነው።


ችሎት፦

እርሳስና ላጲስ የሙያውን ጎን በሚገባ አስረድተዋል። እኔ ሕግ አንባቢ ስለሆንኩ በዚያ በኩል ያለውን ልጨምር፤ ማለዳ የጠየቁትን የ«የት ላይ ነው» ጥያቄ ፍርድ ቤቶችና ተቆጣጣሪዎች በተግባር ሲመልሱት ቆይተዋልና።

በጣም ግልጽ ሆኖ የሚታየኝ ፎርትናይት የተባለውን የቪዲዮ ጨዋታ የሚያዘጋጀው የኤፒክ ጌምስ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2022 ይፋ ባደረገው ስምምነት መሠረት ድርጅቱ 245 ሚሊዮን ዶላር ለተጠቃሚዎች ተመላሽ የሚሆን ገንዘብ እንዲከፍል ተስማማ። ኮሚሽኑ በፎርትናይት ጨዋታ ላይ ያቀረበው ወቀሳ የቁልፎቹ አቀማመጥ ወጥነት የሌለውና ግራ የሚያጋባ መሆኑን የሚመለከት ነበር፤ ተጫዋቾች ጨዋታውን ከእንቅልፍ ሁኔታ ሲቀሰቅሱ፣ ገጹ እየተጫነ ሳለ፣ ወይም አንድን ዕቃ ቀረብ ብለው ለማየት ሲሞክሩ፣ በአንድ ቁልፍ ንክኪ ብቻ ክፍያ ይፈጸምባቸው ነበር ይላል። እዚህ ላይ የተነገረ የሐሰት ቃል የለም። ማታለል በቃል ብቻ የሚፈጸም ይመስለን የነበርን ሰዎች፣ የቁልፍ አቀማመጥም ሊያታልል እንደሚችል የተቀበልነው እንዲህ ባሉ ጉዳዮች ነው።

ሁለተኛው የአማዞን ነው። ይኸው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ባቀረበው ክስ፣ ድርጅቱ ፕራይም የተባለውን የሚከፈልበት አባልነት ለማቋረጥ የሚያስችለውን መንገድ በውስጡ «ኢሊያድ» ብሎ ይጠራው እንደነበር ገልጿል፤ ስያሜው ስለ ረጅሙ የትሮይ ጦርነት ከሚናገረው የሆሜር ግጥም የተወሰደ ነው። መንገዱ አራት ገጽ፣ ስድስት ክሊክና አሥራ አምስት አማራጭ ያለው ነበር። መግቢያው ደግሞ ከአንድ ወይም ከሁለት ክሊክ አይበልጥም። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ፤ ከዚህ ውስጥ 1.5 ቢሊዮኑ ለተጠቃሚዎች የሚመለስ ነው። ለአንድ መውጫ የረጅም ጦርነት ስም የሚሰጥ ድርጅት መውጫው ረጅም መሆኑን አላወቀም ብሎ መከራከር አስቸጋሪ ይመስለኛል።

በአውሮፓ ያለው አካሄድ ከዚህ ትንሽ ይለያል፤ እዚያ ክርክሩ የሚነሳው «ፈቃድ ማለት ምንድን ነው» ከሚለው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2019 በፕላኔት49 ጉዳይ ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ ቀድሞውኑ ምልክት የተደረገበት ሣጥን ለኩኪ (ድረ ገጾች ተጠቃሚውን ለመለየት በመሣሪያው ላይ ለሚያስቀምጡት ትንሽ ፋይል) ፈቃድ ሊሆን እንደማይችል ወስኗል፤ በሣጥኑ ውስጥ ያለውን ምልክት አለማንሳት ፈቃድ መስጠት አይደለምና። የፈረንሳይ የግል መረጃ ተቆጣጣሪ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ጉግልን 150 ሚሊዮን ዩሮ፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ መቅጣቱን ይፋ አደረገ። ምክንያቱ ኩኪን ለመቀበል አንድ ክሊክ ሲበቃ ላለመቀበል ግን ብዙ ክሊክ ማስፈለጉ ነበር። ከየካቲት 2024 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው የኅብረቱ የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 25 ላይ፣ የኢንተርኔት መድረኮች ተጠቃሚን በሚያታልል ወይም ነጻ ውሳኔውን በሚያዛባ መንገድ ገጻቸውን እንዳያዋቅሩ ይከለክላል።

ከእነዚህ ሁሉ እኔ የምወደው ግን ከሐምሌ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በጀርመን የሚሠራበት ደንብ ነው። በድረ ገጽ የሚፈረም ቀጣይነት ያለው ውል ሁሉ በዚያው ድረ ገጽ ላይ በግልጽ የሚታይና በቀላሉ የሚገኝ የማቋረጫ ቁልፍ ሊኖረው ይገባል ይላል። የዲዛይነሩ ሐሳብ ምን ነበር፣ ተጠቃሚው ተታልሏል ወይስ አልተታለለም የሚለውን ማስረዳት ሳያስፈልግ፣ ቁልፉ አለ ወይስ የለም ብሎ መጠየቅ ብቻ ይበቃል። በአሜሪካ ይህን የመሰለ ደንብ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን አንድ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ኮሚሽኑ የአወጣጥ ሥርዓቱን አላሟላም በማለት በሐምሌ 2025 ሽሮታል።

ስለ እናትዎ ገንዘብ ደግሞ፦ መተግበሪያውን ማጥፋት ምዝገባውን እንደማያቋርጥ አይተዋል። ማቋረጫው በአብዛኛው ያለው መተግበሪያው በወረደበት መደብር አካውንት ውስጥ፣ «ምዝገባዎች» በሚለው ሥር ነው። ከማቋረጥዎ በፊት አራቱንም ገጾች በስክሪን ሾት ያስቀሩ፤ ዛሬ ያሉ ገጾች ነገ ሊለወጡ ይችላሉ። ከዚያ በመደብሩ በኩል ተመላሽ ይጠይቁ፤ በጥያቄውም ላይ «ተሳስቼ ነው» ከማለት ይልቅ ገጹ እንዴት እንደተዋቀረ ይግለጹ። ይህ ካልሠራ ካርዱን ለሰጠው ባንክ ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል።


ሚዛን፦

የተባለውን በአክብሮት አነበብኩት፤ በአንድ ነገር ላይ ግን መለየት እፈልጋለሁ። አሁን ባለው አነጋገር የማንኛውም ዲዛይነር ሥራ ሁሉ ማታለል እንዳይሆን እሰጋለሁ። ያለ ምርጫ አቅጣጫ የሚቀመጥ ገጽ የለም። አንዱ ቁልፍ ከላይ፣ ሌላው ከታች መሆኑ አይቀርም፤ ተጠቃሚው ምንም ሳይነካ ሲያልፍም የሆነ ነገር መከሰቱ ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ላይ እንደተመለከተው፣ ሰው ካልተቃወመ በስተቀር ከሞተ በኋላ አካሉን ለመለገስ እንደተስማማ በሚቆጠርባት ኦስትሪያ ተስማሚ የሆነው ሕዝብ 99.98 በመቶ ነበር፤ ፈቅዶ መመዝገብ በሚያስፈልግባት ጀርመን ደግሞ 12 በመቶ። የሁለቱ አገሮች ሰዎች በልባቸው ይህን ያህል ይለያያሉ ብዬ አላምንም፤ የለያያቸው በቅጹ ላይ ቀድሞ የተቀመጠላቸው ነው። ታዲያ ኦስትሪያ ዜጎቿን አታለለች እንላለን? ካላልን፣ የመተግበሪያውን ባለቤት በምን እንከሰዋለን? በተጨማሪም፣ ማለዳ አይቀየሙኝና፣ የጣት አሻራን ሳያነቡ ማኖር ልንተወው የሚገባ ልማድ ነው፤ ሁሉንም ነገር በሠሪው ላይ ብንጥል ነገ የሚጠብቀን የለም።


እርሳስና ላጲስ፦

ሚዛን፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ ያሰብኩበት ነው። ቀድሞ የተቀመጠ ምርጫ ሁሉ ማታለል አይደለም፤ ስልክ ፎቶዎቻችንን በራሱ ቅጂ እንዲያስቀምጥ ተደርጎ ቢሰጠን እናመሰግናለን እንጂ አንከስም። እኔ ራሴን የምጠይቀው እንዲህ ብዬ ነው፦ ተጠቃሚው አጠገቤ ተቀምጦ ይህን ለምን እንዲህ እንዳደረግሁት በግልጽ ብነግረው፣ ዘዴው መሥራቱን ይቀጥላል ወይስ ያን ጊዜውኑ ይፈርሳል? ስለ ፎቶው ቅጂ ብነግረው «ጥሩ አደረግህ» ይለኛል፤ ምርጫውም እንዳለ ይቆያል። ወደ ኋላ የሚቆጥረው ሰዓት ሲያልቅ እንደገና እንደሚጀምር ብነግረው ግን ሰዓቱ ከዚያ በኋላ ማንንም አያስቸኩልም። የእናትየዋን አራተኛ ገጽ እንመልከት። ዲዛይነሩ «ይህን ቁልፍ ያለፉትን ሦስቱን እንዲመስል ያደረግሁት ልዩነቱን ሳያዩ እንዲጫኑት ነው» ብሎ ቢነግራቸው፣ ሙከራውን ይጀምሩ ነበር? ዘዴው የሚሠራው ሳይታወቅ ሲቀር ብቻ ከሆነ፣ እኔ ማግባባት አልለውም።

ስለ ኦስትሪያው ምሳሌ፣ እኔ የምጠይቀው እምቢ ማለት ምን ያህል ይቀላል ብዬ ነው። ዜጋው ሕጉን ያውቃል፣ ሲፈልግ ስሙን ማስወጣትም ይችላል ከተባለ፣ ያ በአደባባይ የተደረገ ምርጫ ነው፤ ቢስማሙበትም ባይስማሙበትም ሊከራከሩበት ይችላሉ። ማስወጫው ቢደበቅበት ግን ያው ደንብ ሌላ ነገር ይሆን ነበር።

ስለ ጣት አሻራው ያሉትን እቀበላለሁ፣ ግን በግማሽ። ጥንቃቄ ከሁላችንም ይጠበቃል። ሆኖም ሰው በቀን ውስጥ የሚያያቸውን የፈቃድ ገጾች ይቁጠሩ፤ ብዙዎቹ ደግሞ የሚጻፉት ተጠቃሚው አፉን ባልፈታበት ቋንቋ ነው። «መልእክት እንዳይላክልኝ የማልፈልግ ከሆነ ምልክቱን አነሳለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር በራሳችን ቋንቋ ተጽፎ እንኳ ሁለት ጊዜ ያስነብባል። በአንድ በኩል ስልኩን በሥራ መሐል የያዘ አንድ ሰው አለ፤ በሌላው በኩል የትኛው ቀለም ብዙ እንደሚያስጭን በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ የሞከሩ ባለሙያዎች አሉ። ማለዳ ወንድምዎ የተረቱትን ተረት እቀበለዋለሁ፤ በሬው ገደሉን አላየም። እዚህ ግን ሳሩን አምጥቶ በገደሉ አፍ ላይ የነሰነሰ ሰው አለ።


ማለዳ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ችሎት እንዳሉት ገጾቹን ካስቀረሁ በኋላ ምዝገባውን አቋረጥኩ። ደረጃዎቹን ቆጠርኳቸው፦ ለመመዝገብ አራት ንክኪና አንድ የጣት አሻራ ነበር፤ የማቋረጫውን ቦታ ፈልጌ ለማግኘት እንኳ ሦስት የተለያዩ ዝርዝሮችን መክፈት ነበረብኝ፣ ከዚያም በኋላ «እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ገጽ ሁለት ጊዜ መጣብኝ። የመጀመሪያው የተመላሽ ጥያቄዬ በራስ ሰር መልስ ውድቅ ሆነ። ገጹን በዝርዝር ገልጬ ሁለተኛ ስጽፍ የአራት ሳምንቱ ተመለሰ፤ ስለ ቀሪው ሦስት ሳምንት ለባንኩ ጽፌያለሁ። ሚዛን ያሉትንም አልተቀየምኩም፤ የጣት አሻራውን ነገር ለእናቴ ነግሬያቸዋለሁ፣ እርሳቸውም ልክ ነው ብለዋል።

ትናንት ማታ የእርሳስና ላጲስን መልስ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ወንድሜም ነበር። ስለ አራቱ ገጾች የተጻፈውን ሳነብ ስልኬን ተቀብለው በስክሪን ሾቱ ላይ ሁለቱን ቁልፎች፣ የሦስተኛውንና የአራተኛውን ገጽ፣ እያፈራረቁ ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ከዚያም ለወንድሜ እያሳዩት «አንተስ ትለየው ነበር?» አሉት። ዝም አለ። ስለዚያች ሴት ያለውን ስጨርስ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝና እንዳስተላልፍላቸው አደራ አሉኝ፦ «ያች ልጅ ይቅርታ ካለች በኋላ ቁልፉን ወደ ቦታው መለሱት?»


እርሳስና ላጲስ፦

ለእናትዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እውነቱን ይንገሯቸው፤ አልመለስነውም። በዚያን ቀን ያየሁትን በሪፖርቱ ውስጥ ጽፌው ነበር፣ የተናገረችውንም ቃል በቃል። ለአለቆች በቀረበው አጭር ማብራሪያ ላይ ግን ያ ገጽ አልገባም፤ የገባው ምዝገባቸውን ያላቋረጡ ሰዎች ቁጥር ከፍ ማለቱ ነበር። ከዚያ በኋላ በድርጅቱ ውስጥ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ እስክወጣ ድረስ ቁልፉ እዚያው ሁለት ደረጃ ውስጥ ነበር።